አሥራ አንድ ዓመት በስፖርት ላይ

ማክሰኞ፣ መስከረም 13 ቀን 2018

ልምምድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ገርጂ ሜዳ። ሌሊቱን ዘንቦ ሲሚንቶው ላይ ውኃ አቁሯል። በመጥረጊያ ገፋነው። ዘጠኝ ሰው ብቻ መጣ።

አሰልጣኝ ማሞ ጠጋ አለና፣ «ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

ደህና አይደለም። ደረጃ ስወርድ ግራው ይይዘኛል። ቤቴ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው።

ወደ ቦሌ አራብሳ ስመለስ፣ ኢምፔሪያል ላይ የታክሲው ረዳት፣ «ረጅሙ፣ ጋቢና ግባ! ከኋላ ከገባህ የሁለት ሰው ነው የምቀበልህ» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በየቀኑ እስቃለሁ።

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሊጉ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ቀርቷል። ይህን ዓመት ልጫወት... ቢበዛ የሚቀጥለውን። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስብም።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ክለቡ ፈረሰ።

ልምምድ ስንጨርስ አንድ ሰውዬ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወረቀት ይዞ መጣ። ቆሞ አነበበ። ምሥራቅ መጋዘን ድርጅት የመዋቅር ማስተካከያ አድርጓል፤ ከእንግዲህ የቅርጫት ኳስ ቡድን አይኖረውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ጥያቄ ያለው?»

ማንም። ተወልደ ብቻ፣ «ኳሶቹስ?» አለ።

«ንብረት ክፍል ይረከባል።»

ተወልደ ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት ተጫውቷል። ሳያየኝ ኳስ ያቀብለኛል፣ የት እንደምቆም ያውቃል። ሻንጣውን አነሳና፣ «በቃ፣ ቻው» ብሎ ሄደ። እኔም ቻው አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል ነው። ግቢው ባዶ። ያልወጣሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ተወልደ ከቡድናችን ቴሌግራም ግሩፕ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ ሦስቱ ወጣቶች። ከሰዓት ላይ አምስት ነበርን። ማንም ምንም አይጽፍም።

እህቴ ራሕማ ከኮምቦልቻ ደወለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እረፍት ላይ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ሥራ ላይ ሆነህ ታውቃለህ? ኳስ ይዞ መዝለል!»

እየቀለደች ነው። አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ሰው ኃይል ጠራኝ። የክፍሉ ኃላፊ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ፋይሌን ከፍቶ፣ «አንተ እንኳ እድለኛ ነህ» አለኝ። የሌሎቹ ውል በዚህ ወር ያልቃል። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ።

ረስቼው ነበር። በ2007 ስቀጠር «ተጫዋች» የሚባል መደብ አልነበረም። ክፍት መደብ ፈለጉና አስገቡኝ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ፈርሜ ወጣሁ። ደመወዙ ባንክ ይገባል፣ እኔ ሜዳ እገባለሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«ረቡዕ በሥራ ገበታህ ላይ ተገኝ» አለ።

«የት ነው?»

«ምኑ?»

«የሥራ ገበታዬ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምድር ቤት። ከደረጃው ሥር።»

ረቡዕ፣ መስከረም 21

በሩ አጭር ነው። ግንባሬን መታኝ።

ውስጥ አንዲት ሴትዮ አሉ። ሃምሳን ያለፉ፣ መነጽር ያደረጉ። ዙሪያው እስከ ኮርኒስ ፋይል ነው።

«ማን ልበል?»

«ሃይደር እንድሪስ።»

እስክርቢቷቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከታች እስከ ላይ አዩኝ፤ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ዘግይተሃል» አሉ።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሃያ። መግቢያው ሁለት ተኩል ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ።

ወይዘሮ ብርነሽ ይባላሉ። መዝገብ ቤቱ የሁለት ሰው መደብ አለው። አንደኛው እሳቸው፣ ሁለተኛው እኔ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ይጨመርልኝ ብለው አመልክተዋል። አሥራ አንድ ዓመት የተመለሰላቸው መልስ አንድ ነው፤ መደቡ ሰው አለበት።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ሥራው እንዲህ ነው። ደብዳቤ ይመጣል። ቁጥር ይሰጠዋል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ጠርዙ ላይ በቀይ ለማን እንደሚሰጥ ይመራል። ተመልሶ ይወርዳል። እኛ ለተመራለት ሰው እናደርሳለን፤ ቅጂው ፋይል ይገባል። ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ፋይል ፈለጉ። እጄን ዘርግቼ አወረድኩት። ሳልንጠራራ።

ወይዘሮ ብርነሽ አዩኝ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን አንጓ አሳዩኝ። ጠማማ ነው። በ2014 ከመሰላል ወድቀው። ከዚያው መደርደሪያ ፋይል ሲያወርዱ።

«አሁን አያመኝም» አሉ። «ሲበርድ ብቻ።»

 ፋይሉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ሰኞ፣ መስከረም 26

ጠዋት የሰዓት ፊርማ መዝገብ ላይ ፈረምኩ። የፊተኞቹንስ ማን ይፈርም ነበር ብዬ ጠየቅሁ። አሮጌዎቹን መዝገቦች አወጡልኝ።

በየቀኑ ሁለት ስም። አንደኛው ፊት ለፊት ፊርማ። በእኔ ስም ፊት ለፊት በወይዘሮ ብርነሽ እጅ፣ «በስፖርት ላይ»። 2007 ላይ ጽሑፉ ያምራል፣ ሙሉ ነው። 2010 ላይ «በ.ስ.ላ.» ሆኗል። ከ2013 ወዲህ ሰረዝ ብቻ።

አባቴ የሞተበትን ቀን ፈለግሁ። ሚያዝያ 2010። ደሴ ቀብር ላይ ነበርኩ። በ.ስ.ላ.። ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና የተደረግሁበት ቀን፣ በ.ስ.ላ.። ዋንጫ የበላንበት ቀን እሑድ ነበር፤ የለም። እሑድ አይፈረምም።

ሙሉ የጨዋታ ዘመኔን አንድ ቦታ ተጽፎ ሳገኘው ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ማሞ ደወለ። የሐዋሳው ክለብ ወስዶታል። ምክትል አሰልጣኝ።

«ረጅም ሰው ይፈልጋሉ። ስምህን ጠራሁላቸው።»

«እሺ አሉ?»

«አንድ ዓመት። ደቂቃህ ብዙ አይሆንም ሃይደር፣ አልዋሽህም። ወጣት አላቸው። እሱ ሲደክም ትገባለህ።»

«ጉልበቴን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ። «መልቀቂያ ከነክሊራንስ እስከ ጥቅምት 14 ይዘህ ና። በበነጋው ምዝገባ ይዘጋል። ያለ መልቀቂያ አያስመዘግቡህም።»

ከዚህ ከለቀቅሁ ተመልሼ አልገባም። ሰው ኃይልን ለወሬ ያህል አስመስዬ ጠየቅሁት። ቅጥር ቆሟል። የሚለቅ ሰው ካለ መደቡ ይታጠፋል። ወይዘሮ ብርነሽ ጡረታ እስኪወጡ ብቻቸውን ናቸው ማለት ነው።

አንድ ዓመት። ያውም ወንበር ላይ።

እዚህ ደግሞ እስከ ጡረታ ሃያ ሰባት ዓመት። እሱም ወንበር ላይ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ስቴፕለር ፈለግሁ።

«የራስህን መሳቢያ ክፈታ» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። ከቁልፋቸው መሐል አንዷን አውጥተው ሰጡኝ። ስሜ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎባታል።

ሞልቷል። በስሜ የመጣ ወረቀት ሁሉ። የመታወቂያ እድሳት፣ የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ፣ የዓመት ፈቃድ ማሳሰቢያ። በ2010 ማኅበሩ የጻፈው የሐዘን መግለጫ... ከድርጅቱ አንድ ሰው እንኳ አላጽናናኝም ብዬ ስንት ዓመት ቂም ይዣለሁ።

ከሥሩ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ። ከኪጋሊ፣ ከአንድ ክለብ። በኢሜይል መጥቶ የታተመ። ኦክቶበር 2019። የኛ ጥቅምት 2012።

ሦስቴ አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ነው፤ ግን ይገባል። በምሥራቅ አፍሪካ ክለቦች ውድድር ላይ አይተውኛል። ለሁለት ሳምንት ሙከራ ይጠሩኛል። ከተስማማን የአንድ ዓመት ውል፣ ቤትና ምግብ በእነሱ። በአሥራ አምስት ቀን መልስ ይፈልጋሉ። ስልክ ቁጥር አለው።

ጠርዙ ላይ በቀይ፣ «ለአቶ ሃይደር እንድሪስ። መዝገብ ቤት።» ፊርማ።

ሰውየውን አስታወስኩት። መላጣ ነው፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ። ሃያ አራት ነጥብ ያገባሁ ቀን ጨበጠኝና እንጽፍልሃለን አለ። ኢሜይል የለኝም ነበር። የድርጅቱን አድራሻ ሰጠሁት። ትልቅ ድርጅት ነው ብዬ፣ ኮራ ብዬ። ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ሰው ሲጨባበጥ የሚለው ነው ብዬ ተውኩት።

ማንም አልደበቀው። ሥራ አስኪያጁ ያኔ አዲስ ነበር፤ የደመወዝ ዝርዝር ላይ ስሜን ፈልጎ ወደ ሥራ ቦታዬ መራው። ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቷል። የሌለሁት እኔ ነኝ።

«ይኼን አላዩትም ነበር?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሏል።

«የሰው ደብዳቤ አላነብም።»

«መደወል አቃተዎት?»

«በየትኛው ስልክ? ማን ሰጠኝ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተስ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ እንደምን አደሩ ብለህ በዚህ በር አጎንብሰህ ገብተሃል?»

አልገባሁም።

ዓርብ፣ መስከረም 30

ሥራ ገባሁ። ወጣሁ። አልተነጋገርንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ከሰሚት እስከ ቤቴ በእግር ሄድኩ። ጉልበቴ እንዲናገር ፈልጌ ነበር። ዛሬ ግን ዝም አለ።

ቤት ገብቼ ኪጋሊ ደወልኩ። ለምን? እንጃ። አይሠራም ብዬ ነበር። ጠራ። ሴት አነሳች። በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት፤ ደብዳቤ ልካችሁልኝ ነበር፣ በዚህ ሳምንት ነው ያገኘሁት።

«መቼ የተላከ?»

«2019።»

ቁጥሩን ደገመችው። ቀጥላ፣ «ወንድሜ፣ ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ» አለች። አልሳቀችብኝም። መላጣው ሰውዬ ከለቀቀ ቆይቷል፤ የት እንዳለ አታውቅም። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እሷ ምን አጠፋች?

ልዘጋ ስል፣ «አሁንም ትጫወታለህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ክለብ የለኝም። ኳስ ከነካሁ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው። ግን ስትጠይቀኝ ያልኩት አዎ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የመልቀቂያ ጥያቄ ጻፍኩ። አራት መስመር። ቁጥር ሰጠሁት፣ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት። ከወይዘሮ ብርነሽ ፊት አስቀመጥኩት። «ይኼንን እንኳ ያንብቡት» አልኳቸው።

አነበቡ።

«ሐዋሳ?»

«ሐዋሳ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለአንድ ዓመት።»

«ከዚያስ?»

«አላውቅም።»

«መደቡ እንደሚታጠፍ ነግረውሃል?»

«ነግረውኛል።» ወለሉን ነው የማየው። «እርስዎ ቢቀር ካሉኝ...»

«እኔ ምን አገባኝ! እኔን ምክንያት ልታደርግ ነው? ከርመህ ደግሞ በብርነሽ የተነሳ ቀረሁ ልትል?» ደብዳቤውን መለሱልኝ። «መሄዱን ሂድ። ግን ከላይ ያለውን ሁሉ አውርደህልኝ ነው የምትሄደው። ላይኛው መደርደሪያ ባዶ እስኪሆን ክሊራንስህ ላይ አልፈርምም።»

ቀና ብዬ አየሁ። አራት ግድግዳ። የሠላሳ ዓመት ፋይል።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ራሴ ወጣሁ። ትሪ ውስጥ አልተውኩትም። እስኪመራው በሩ ላይ ቆምኩ። ጸሐፊዋ፣ «ሰው እንዲህ አይቆምም፣ ጥላህ አስፈራኝ» አለች። ቆምኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ማውረድ ቀላል ነው። ቦታ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። ታችኛውን ማጠጋጋት፣ የሞተውን ፋይል በካርቶን ማሰር፣ መለያ መጻፍ፣ መዝገቡን ማስተካከል። አንድ ግድግዳ በአራት ቀን። ሦስት ግድግዳ ቀረ፣ ስምንት ቀን። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ።

አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ወይዘሮ ብርነሽ ካርቶኖቹ ላይ በጠማማ እጃቸው ይጽፋሉ። ጽሑፋቸው አሁንም ያምራል።

«ስንቴ ጎንበስ ቀና አልክ» አሉ። «ጉልበትህ አያምህም እንዴ?»

«ሲበርድ ብቻ» አልኳቸው።

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስቀዋል መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

በምሳ ሰዓት ክሊራንስ። ብድርና ቁጠባ ፈረመ። ፋይናንስ ፈረመ። ንብረት ክፍል አልፈረመም።

«በስምህ አንድ ወንበር፣ አንድ የሒሳብ ማሽን አለ።»

«አይቻቸው አላውቅም።»

«ፈርመሃል፣ ወንድም። 2007።»

የሒሳብ ማሽኑ መሳቢያዬ ጀርባ ተወሽቆ ነበር። ወንበሩ ግን የለም። ክፍሉን ሁሉ ፈለግሁ። በመጨረሻ ወይዘሮ ብርነሽ ተነሱ። ዞረው የወንበራቸውን ጀርባ አሳዩኝ፤ ቁጥሩ የኔ ነው።

«የእኔ 2009 ላይ ተሰበረ» አሉ። «ባለቤቱ ስለማይቀመጥበት ተቀመጥኩበት።»

ንብረት ክፍል ሄጄ ወደ እሳቸው ስም እንዲዞር ጠየቅሁ። ለዚህም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ይዤ ወጣሁ፤ ንብረት ክፍል ፈረመ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጉልበቴ አብጧል። አንድ ግድግዳ ተኩል ይቀራል። ማሞ ደወለ፤ «ዓርብ ነው፣ አትርሳ።» ሰው ይረሳል?

ወይዘሮ ብርነሽ ዛሬ እንኳን ይበቃል ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። እኔም አልለመንኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን አወረድኩ። ወይዘሮ ብርነሽ ክፍሉ መሐል ቆመው ዙሪያውን አዩ። ላይ ባዶ ነው። የኮርኒሱ ቀለም ምን እንደነበር ዛሬ ታየ። ሰማያዊ።

የመሰላሉን እግር አጥፈው ግድግዳ አስደገፉት። ተቀመጡ። ፈረሙ። ማኅተም አደረጉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

«ሰኞ ጠዋት የት ብዬ ልጻፍ?» አሉ።

«የት ላይ?»

«ፊርማው ላይ።»

«ለቋል ብለው ይጻፉ።»

«እሺ» አሉ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግራውን። በሩ ላይ ግንባሬን አልመታኝም። ለምጄዋለሁ።

ወረቀቶቹን ፎቶ አንስቼ ለማሞ ላክሁ። «ደረሰኝ፣ ዋናውን ነገ ምዝገባው ሳይዘጋ ይዘህ ድረስ» አለ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት አለብኝ። ለራሕማ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «አብደሃል» አለች። ቀጥላ፣ «ሐዋሳ ሙቀት ነው፣ ለጉልበትህ ጥሩ ነው» አለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ለጨዋታ አዲስ አበባ መጥተናል። ቡድኑ ያረፈው ገርጂ ነው። ከሁለት ወር በላይ አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም። ልምምድ፣ በረዶ ጉልበት ላይ፣ እንቅልፍ። ከአንድ የሃያ ዓመት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ነኝ፤ ጋሼ ይለኛል። ስድስት ጨዋታ ተደርጓል፤ አራቱ ላይ ገባሁ።

ማክሰኞ ለወይዘሮ ብርነሽ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር። ስልካቸውን ከማን ለመንኩ... ከሰው ኃይል። «አያለሁ» ነው ያሉት።

ዛሬ ተመልካቹ አርባ አይሞላም። ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላ ለብሰው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኳስ ወደ እሳቸው ሲመጣ ሁሉም ሲሸሽ እሳቸው አይሸሹም።

የመጀመሪያውን ግማሽ ወንበር ላይ ጨረስኩ። በእረፍት በጣታቸው ጠሩኝ።

«ይኼ ነው?»

«ምኑ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ሰው ሆኜ የሠራሁት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ሜዳውን አዩ። ቅርጫቱን አዩ። «መቀመጡንማ እኔም ዘንድ ትቀመጥ ነበር።»

ሳቅሁ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው? «እገባለሁ» አልኳቸው።

«መቼ?»

«ሲጠሩኝ።»

«ካልጠሩህስ?»

 ፊሽካ ተነፋና ተመለስኩ። ሦስተኛው ሩብ ጨዋታ አለቀ። በዘጠኝ ነጥብ እየተመራን ነው። ሰዉ መውጣት ጀመረ። ወደ ፊተኛው ረድፍ ላለማየት ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

አራት ደቂቃ ሲቀር ማሞ ትከሻዬን ነካኝ። ተነሳሁ። ቱታዬን አወለቅሁ። መስመሩ ላይ ቆሜ ዞር አልኩ።

አልሄዱም።